የዳትሰኗ አሞርዛተርና የጎረቤቴ ወገብ

ጠመንጃ ያዥ መጥታችሁ ነጭ ዳትሰን ፒክ አፕ ያለችበት ግቢ የቱ ነው ብትሉ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያሳያችኋል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የእንጨት ሥራውን የሚያመላልስባት መኪና ነበረች። ስንቱ አልጋና ቁም ሣጥን ተጭኖባታል። ለቅሶ ሲሆን የእድር ድንኳንና ወንበር፣ ሰርግ ሲሆን ድስትና የጠላ በርሜል ተጭኖባታል። ሁለቱ ልጆቼ ተወልደው ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጡትም በእሷ ጋቢና ውስጥ፣ በእኔ ጭን ላይ ሆነው ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አራት ዓመት ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች። ልሽጣት ብዬ ሁለት ጊዜ ደላላ አምጥቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዋጋው አልተስማማኝም ብዬ መለስኩ። እውነቱን ለመናገር ችግሩ ዋጋው አልነበረም።

የልጅ ልጄ ከተግባረ እድ በአውቶሞቲቭ ተመርቆ ሲወጣ፣ «እማዬ፣ የአባባን መኪና ላስነሣት» አለኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያለችዋን አሮጌ መኪና አድሶ መያዝ ቁም ነገር ሆኗል። ሞተሩን አውርዶ አጠበ፣ ፍሬኑን ቀየረ፣ ቀለም አስቀባት። መኪናዋ ኒሳን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1979 ድረስ ከሠራቸው የ620 ሞዴል ዳትሰኖች አንዷ ናት። እንደዚያ አብረቅርቃ ሳያት ባለቤቴ ከጋቢናው የሚወርድ እየመሰለኝ ለብቻዬ አለቀስኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መኪናዋ አጥራ ጠበቀችኝ። ጎማዎቿ ወደ ሰውነቷ ገብተው፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። «ምን ሆነች?» ስለው ሳቀ። «ዝቅ አደረግኳት። አሁን የአሮጌ መኪና ወዳጆች ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት» አለ። በስልኩም አሳየኝ። አሜሪካን አገር ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቶች ትንንሾቹን የጃፓን ፒክ አፖች ዝቅ እያደረጉ መንዳት ከጀመሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እሱም እህቱን ለሰርጓ በአያቷ መኪና ሊሸኛት አስቦ ነው ያሳመራት። ዝም አልኩ። በሆዴ ግን አልወደድኩትም ነበር።

ነገሩ የደረሰው በጥቅምት ወር ነው። ከጎረቤቴ ጋር ለቅሶ ልንደርስ ወጣን። ጎረቤቴ 71 ዓመታቸው ነው። ለሠላሳ ዓመት ቡና ስንጠራራ የኖርን፣ እኔ የሌሊት ተረኛ ስሆን ልጆቼን ያበሉልኝ ሰው ናቸው። የልጅ ልጄ ይነዳል፣ እኔ መሀል፣ እሳቸው በበሩ በኩል። ገና ከሰፈር ሳንርቅ በትንሹም በትልቁም መኪናዋ ትመታናለች። የጋቢናው ወንበር እንደ ድንጋይ ነው። ይህን ልጅ ልቆጣው አልኩና ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ አይቼ ተውኩት። ጥቂት እንደሄድን ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ወጣን። አልፈጠነም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ከኋላችን ግን ብረት ከብረት ሲጋጭ «ድው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሦስታችንም ተነሥተን ተቀመጥን። ጎረቤቴ «ወይኔ ወገቤን!» ብለው በሁለት እጃቸው የበሩን እጀታ ያዙ።

ራጅ ሲነሡ የደረት አከርካሪና የወገብ አከርካሪ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዱ አጥንት ከፊት በኩል ተጨፍልቆ ተገኘ። እኔ ለብዙ ዓመታት አጥንት ክፍል የሠራሁ ነርስ ነኝ። ፊልሙን ወደ መብራት አነሣሁትና ማንም ሳይነግረኝ አየሁት። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ አጥንቷ እየሳሳ ይሄዳል። የሳሳ አከርካሪን ለመጨፍለቅ ከፎቅ መውደቅ አያስፈልግም። ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ከታች የሚመጣ አንድ ከባድ ምት ይበቃዋል። ይህን ለስንት ሰው ያስተማርኩ ሰው፣ መኪናዋ ስትመታን እያወቅሁ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። የልጅ ልጄም ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ጥግ ይዞ ሲያለቅስ አገኘሁት። የእሱ ጥፋት ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ «መኪናዋን እሸጣታለሁ» አለኝ። «አትሸጥም፤ መጀመሪያ ምን እንዳመማት እንወቅ» አልኩት። አብነት አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰድናት። ባለቤቴን ያውቁት ነበር። መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ከሥር ገቡና «ሲስተር፣ ይምጡ ይዩት» ብለው ጠሩኝ። ጉልበቴ እንደምንም ታጠፈልኝና አየሁ። የኋላዎቹ ሁለት አሞርዛተሮች ዘይት አፍስሰው ጭቃ ይዘዋል። የአንዱ መያዣ ብረት ተጣሟል።

እዚህ ላይ እኔ የተማርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ብዙዎቻችን የመኪናን ክብደት የሚሸከመው አሞርዛተር ይመስለናል። አይደለም። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ባሌስትራ ግን አንዴ ከተጫነ በኋላ እየዘለለ ይቆያል። ያንን ዝላይ የሚያበርደው አሞርዛተሩ ነው። ቱቦ ውስጥ ዘይት አለ፤ በዘይቱ ውስጥ ጠባብ ቀዳዳዎች ያሏት ፒስተን ትመላለሳለች። ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ለማለፍ ሲታገል ዝላዩ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ወፍራሙን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወግቶ የሚያውቅ ጤና ባለሙያ ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ውኃ ቢሆን ፈጥኖ ያልፋል፤ እሱ ግን አውራ ጣትን እየታገለ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ቀስ ማለቱ ነው ሥራው።

ፒስተኗ ለመመላለስ ቦታ ያስፈልጋታል። የእኛዋ ዳትሰን የታመመችው እዚህ ላይ ነው። የልጅ ልጄ መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ ከኋላ አክስሉና ባሌስትራው መካከል 7.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ታኮ አስገብቷል። ከፊት ደግሞ ዳትሰኗ ሞላ የላትም፤ እየተጠመዘዘ ክብደት የሚይዝ ረጅም ብረት ነው ያላት፤ የእሱን ማስተካከያ ቡሎን አላልቷል። አሞርዛተሮቹን ግን የድሮዎቹን ትቷቸዋል። አዲስ ስለነበሩ አሳዝነውት ነው።

መካኒኩ ሜትር አውጥተው ለኩ። የኋላው አሞርዛተር ከላይኛው ቀለበት እስከ ታችኛው ቀለበት፣ ተዘርግቶ ሲያልቅ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ተጨምቆ ሲያልቅ 33 ሴንቲ ሜትር ነው። መኪናዋ በተፈጥሮ ቁመቷ ስትቆም የሁለቱ መያዣዎች ርቀት 43 ነበር፤ ማለትም ፒስተኗ መሀል ላይ ናት፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አሥር አሥር አላት። ታኮው ከገባ በኋላ ርቀቱ 35.5 ሆነ። ወደ ላይ የቀራት ጉዞ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። ሦስት ሰው ተሳፍሮ ጉብታ ላይ ሲወጣ ፒስተኗ የቱቦውን ጫፍ ትመታለች። ያን ጊዜ አሞርዛተር መሆኑ ቀርቶ የብረት ምሰሶ ይሆናል።

«ይህን የሚከላከል ጎማ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ መካኒኩ። አክስሉ ወደ ላይ ሲመጣ ሻንሲው ላይ የሚያርፍበት የጎማ ትራስ አለ። መኪናዋ ዝቅ ስትል ትራሱ አክስሉን ሊነካ ስለደረሰ የልጅ ልጄና ጓደኞቹ ቆርጠው ጥለውታል። ልጁ አንገቱን ደፋ። መካኒኩም አልጮኹበትም። «ጎማው ባይኖር እንኳ ምቱን የሚቀበል አንድ ነገር መኖሩ አይቀርም። መጀመሪያ አሞርዛተሩ ተቀበለው፣ ቀጥሎ ሻንሲው፣ ቀጥሎ ሰው» አሉት። እኔም በሆዴ፣ ይህ ሰውዬ ክፍል ውስጥ ገብቶ ነርሶችን ቢያስተምር አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምርጫ ነበር። የልጅ ልጄ «እንዳለች ወደ ድሮ ቁመቷ እመልሳታለሁ» አለ። እኔ ግን ልጁ የወደደውን ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ከእጁ መንጠቅ አልፈለግሁም። ተነጋግረን መሀል ላይ ተገናኘን። የ7.5 ታኮ ወጥቶ የ5 ሴንቲ ሜትር ይግባ፤ አጭር የጎማ ትራስ ይመለስ፤ ለዚያ ቁመት የሚሆን አጭር አሞርዛተር ይፈለግ ተባለ።

መካኒኩ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ልኬት አስያዙን። ወረቀቱን እስካሁን ከጸሎት መጽሐፌ ጋር አስቀምጬዋለሁ። አንደኛ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ በጎማዋ ቆማ በመያዣዎቹ መካከል ያለው ርቀት፣ 38። ሁለተኛ፣ አክስሉ በክሪክ ተገፍቶ የጎማው ትራስ እስኪጨፈለቅ ድረስ ሲወጣ ያለው ርቀት፣ 31። ሦስተኛ፣ ሻንሲው ተነሥቶ አክስሉ ሲንጠለጠል፣ 44.5። ስለዚህ የሚገዛው አሞርዛተር ተጨምቆ ሲያልቅ ከ31 ማጠር አለበት፤ ያለዚያ ከትራሱ በፊት እሱ ይመታል። ተዘርግቶ ሲያልቅ ደግሞ ከ44.5 መርዘም አለበት፤ ያለዚያ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አክስሉን አንጠልጥሎ የሚይዘው እሱ ይሆንና ይበጠሳል።

ሶማሌ ተራ ስንገባ ይህ ወረቀት በእጃችን ባይኖር ኖሮ ገና ከመጀመሪያው ሱቅ ተሸውደን እንወጣ ነበር። አንዱ ሻጭ «ለዳትሰን ይሆናል» ብሎ የድሮውን ልክ አወጣልን። ሜትር ስናወጣ ፊቱን አዞረ። ሌላው ከተፈታታ መኪና የወጣ አሮጌ አሞርዛተር በግማሽ ዋጋ አቀረበልን፤ ስንጨምቀው ያለምንም ትግል ገባ፣ ስንለቀው እዚያው ቀረ። ሦስተኛው «ጠንካራውን ውሰዱ፤ ዝቅ ያለች መኪና ጠንካራ ነው የምትፈልገው» አለን። የልጅ ልጄ ዓይኑ በራ። አሜሪካ ያለው አጎቱም ለእሽቅድምድም መኪና የሚሆን ባለ አንድ ቱቦ አሞርዛተር ልላክልህ ብሎት ነበር። ነገሩ መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም። ዴ ካርቦን የሚባል ፈረንሳዊ የፈለሰፈውን፣ ኋላም የጀርመኑ ቢልስታይን እ.ኤ.አ. በ1957 ለመርሴዲስ መኪኖች ማምረት የጀመረውን ዓይነት ነው። ዘይቱና ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ በአንድ ቱቦ ውስጥ ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፣ በፍጥነት መንገድ ላይም መኪናን አጥብቆ ይይዛል።

መካኒኩ ግን አስቀድመው ነግረውን ነበር። የእኛዋ መኪና የኋላ ባሌስትራ አልተነካም፤ ታኮው ቁመቷን እንጂ የባሌስትራውን ጥንካሬ አልቀየረውም። ባሌስትራው ያው ከሆነ የሚያበርደውም ኃይል ከድሮው ብዙ መራቅ የለበትም። ባዶ ፒክ አፕ ከኋላ ቀላል ናት። በጣም ጠንካራ አሞርዛተር ሲገባላት ጎማው መንገዱን መከተል ያቅተዋል፤ ይዘላል፤ ምቱም ወደ ጋቢናው ይሄዳል። ችግራችን የርዝመት ነው እንጂ የጥንካሬ አይደለም። እኔም ለልጁ «ሕመሙ ሌላ ሆኖ ሳለ የመድኃኒቱን መጠን ብትጨምር በሽተኛው አይድንም» አልኩት። ሳቀ፤ ከጥቅምት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በአራተኛው ሱቅ ለሌላ ቀላል መኪና የተሠራ፣ ተዘርግቶ 46፣ ተጨምቆ 29 ሴንቲ ሜትር የሆነ አዲስ አሞርዛተር አገኘን። ባለ ሁለት ቱቦ ነው። ዘይቱ በመመላለስ ብዛት አረፋ እንዳይሆን ዝቅተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጂን ተጨምሮበታል፤ አረፋ የሆነ ዘይት ዝላይ አያበርድምና። ቀለበቶቹ ከመያዣዎቻችን ጋር ገጠሙ። የአንዱ ዋጋ ከወር ጡረታዬ ይበልጣል። ሁለቱንም ከፈልኩ፤ አሞርዛተር አንዱ ብቻ አይቀየርም፣ ግራና ቀኙ ካልተመጣጠኑ መኪናዋ ተራ በተራ ትወዛወዛለች። የፊቶቹንም እንዲሁ ለክተን በወሩ ቀየርናቸው፤ የጎማ አላይመንትም ተሠራላት።

ጎረቤቴ ሦስት ወር ታመሙ። ማስታገሻ ወሰዱ፣ የወገብ መደገፊያ አሰሩ። ለጥቂት ቀናት ካረፉ በኋላ ግን በየቀኑ ክንዳቸውን ይዤ ግቢ ውስጥ አመላልሳቸው ነበር። አዛውንት አልጋ ላይ ብዙ ሲተኛ የደም መርጋትና የሳንባ ምች ይከተሉታል፤ አጥንቱም ይበልጥ ይሳሳል። ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ፣ የታዘዘላቸውን ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይወስዳሉ። የልጅ ልጄ በየሳምንቱ ቅዳሜ ብርቱካን ይዞ እየሄደ እግራቸው ሥር ይቀመጣል። ይቅርታ ሲጠይቃቸው «አንተ ምን ታደርግ፤ አጥንቴ ነው ያረጀው» አሉት። እሱ ግን ይህን ሰምቶ አላረፈም። እኔም አላረፍኩም።

ከአሁን ወዲያ ለወላጆችና ለአያቶች የምነግራችሁ ይህን ነው። የቤታችሁን መኪና አራቱንም ማዕዘን በየተራ በሁለት እጃችሁ ወደ ታች ተጫኑና ልቀቁ። አንዴ ተነሥታ ጸጥ ካለች ደህና ናት፤ ሁለት ሦስቴ ከዘለለች አሞርዛተሯ ደክሟል። ቱቦው ላይ ዘይት ከታየ፣ ጎማው በእኩል ሳይሆን እዚህም እዚያም ተበልቶ ከተጎደጎደ፣ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫዋ መሬት የሚደፋ ከሆነ አስመርምሩ። ፍሬን ሲያዝ ጎማው መሬት ላይ ካልተቀመጠ መኪና በልኩ አይቆምም፤ ስለዚህ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። ታክሲና ሚኒባስ ስትሳፈሩ አዛውንትና ነፍሰ ጡር ከኋላ ጎማ በላይ ባለው ወንበር አይቀመጡ፤ ምቱ የሚበረታው እዚያ ነው። ልጆቻችሁ መኪና ዝቅ እናድርግ ካሉም መጮኽ ብቻውን አይበቃም። «ተጨምቆ ሲያልቅ ስንት ነው? ትራሱስ አለ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልስ ከሌላቸው ሥራው አላለቀም።

ሰርጉ በሚያዝያ ተደረገ። ሙሽሮቹ በዳትሰኗ ሄዱ፤ ጎረቤቴ ግን በእድራችን ሊቀ መንበር መኪና ነው የሄዱት፤ አላስገደድናቸውም። ግንቦት 1 ቀን፣ ለልደታ፣ ሰፈሩ እንደ ልማዱ ንፍሮ ቀቅሎ ቡና አፍልቶ ሲወጣ፣ ከታች መንደር ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ለማክበር መሄድ ፈለጉ። የልጅ ልጄ መኪናዋን በር ላይ አቁሞ፣ ምንም ሳይናገር በሩን ከፈተላቸው። ጥቂት አዩት። ከዚያ ንፍሮ የሞላበትን ድስት ጭናቸው ላይ አድርገው ገቡ። እኔ መሀል ተቀመጥኩ። ያችን ጉብታ ስንደርስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። መኪናዋ ወጣች፣ ወረደች፣ ጸጥ አለች። ጎረቤቴ ክዳኑን ከፈት አድርገው ድስቱን አዩና «አልፈሰሰም» አሉ። ጥቂት ቆይተውም «ቢሆንም ቀስ በል» ብለው አከሉ።

እሱም «እሺ እማማ» አለና ማርሹን ቀነሰ።